ሰኞ ጠዋት ጃኬትህን ከፍተህ ና

ውድ ንዋይ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም። የአባቱን ሞት ባሕር ማዶ ሆኖ የተረዳ ሰው እንዴት ይሰነብታል? እግዚአብሔር ያጽናህ፤ የአባትህን ነፍስ ይማር። ይህን ቤትህ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ብዬሃለሁ። አሁንም የምደግመው ከዚህ በታች የምጽፈው ነገር የሚያጽናና ስላልሆነ ነው፤ አስቀድሜ ለሐዘንህ የሚገባውን ልበል።

ደብዳቤውን የላክሁልህ በእትዬ አሰፋሽ እጅ ነው። ከምስር ወጡ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ አድርጌ «የሥራ ወረቀት ነው፣ ለብቻው ስጡልኝ» አልኳቸው። አላመኑኝም፤ ግን እሺ አሉ። ስልክ ያልደወልኩት ለቅሶ ቤት ውስጥ የሰውን ስልክ የሚያነሳው ሌላ ሰው ስለሆነ ነው። ቴክስት ያላደረግሁት ደግሞ ቴክስት ስለማይጠፋ ነው። ታውቀኛለህ፤ ወተት ስገዛ እንኳ ቀኑን ሁለቴ አንብቤ፣ እሱንም መልሼ ከኋላ ያለውን የማወጣ ሰው ነኝ። «ስሂን የራሷን ጥላ አይዲ ትጠይቃለች» እያልክ ስታስቅብኝ የኖርከው አንተው ነህ። ስለዚህ ሰው ሲቀንስልህ አንብበው፤ ስትጨርስ ቅደደው።

ነገሩ ይህ ነው። ሰኞ ጠዋት ወደ ፓርኪንጉ ሥራ ትመለሳለህ። ሰኞ ጠዋት አለቃችን ክሬግም አርሊንግተን ካለው ቢሮ ይመጣል። የሚመጣውም እኔን አንድ ነገር ሊጠይቅ ነው፤ ከሠራተኞችሽ መካከል ሽጉጥ ይዞ ሥራ የሚገባ አለ ወይ? አለ ካልኩ አንተ እዚያው ትባረራለህ። የለም ብዬ ቢገኝብህ ሁለታችንም እንባረራለን። እናትህ ናዝሬት ብቻቸውን ቀርተው ዓይናቸው ባንተ ላይ ነው። የኔንም ቤት ታውቃለህ።

አንድ ደንበኛ ነው የጻፈው። የታችኛው ቡዝ ገንዘብ ተቀባይ የወደቀ ቲኬት ሊያነሳ ሲያጎነብስ ከጃኬቱ ሥር የሽጉጥ እጀታ አየሁ ብሏል። ስም አልጠራም። ክሬግ ትናንት ሲያነብልኝ «ምናልባት የቁልፍ ዘለበት ይሆናል» አልኩት። ድምፄ ግን ራሴንም አላሳመነኝም። እሱም «ሰኞ እመጣለሁ» አለኝ።

እኔ ደግሞ ከክሬግ በፊት የምጠይቅህ አለኝ።

መጠርጠር የጀመርኩት ሰመር ላይ ነው። ይቺ የቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ በጁላይ ምን እንደምትመስል እናውቃለን። እትዬ አሰፋሽ እንኳ ያቺን የማይለዩዋትን ሹራብ አውልቀው በካርቶን እያራገቡ በሚሠሩበት ሰሞን አንተ ጃኬት ለብሰህ ትገባ ጀመር። ምነው ስልህ «ኤሲው ይበርደኛል» አልከኝ። የታችኛው ቡዝ ኤሲ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል። ይህን አንተም ታውቃለህ፤ ደጋግመህ ኮምፕሌን ያደረግከው አንተ ነህ።

ከዚያ ሰላምታህ ተቀየረ። ድሮ ጠዋት ስንገናኝ ትከሻ ለትከሻ ገጨት ገጨት ተደራርገን፣ ጀርባዬን መታ መታ አድርገህ፣ የእኔን፣ የልጄን፣ የእህቴን፣ የአከራዬን ጤና ሳይቀር ጠይቀህ ነበር ጌቱን የምንከፍተው። ከሰመር ወዲህ ግን ከሩቁ እጅህን ትዘረጋለህ። ጠጋ ስልህ ግራ ጎንህን ታዞርብኛለህ። አብዱልሐሚድ ከደሴ የተመለሰ ቀን ሁላችንም ስንጠመጠምበት አንተ ከቡዝህ ሳትወጣ በመስኮት «ዌልካም ባክ» አልከው። ያን ቀን አብዱልሐሚድ ምን እንዳለኝ አልነገርኩህም።

«ስሂን፣ ይሄ ሰው ምን አርጌው ነው? ሰው ካገሩ ሲመጣ በመስኮት ዌልካም ይባላል? ወላሂ ኤርፖርት ያለው የኢሚግሬሽን ሰውዬ ከሱ ይሻላል፤ እሱ እንኳ ወጥቶ ሻንጣዬን አይቶልኛል።»

ስቄ አሳለፍኩት። በሆዴ ግን ያዝኩት።

ሦስተኛው ድልድዩ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሺፍታችን እኩል ሲያልቅ በመኪናህ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ትወስደኝ ነበር። እኔን ጆርጂያ አቬኑ ላይ አውርደህ አንተ አስፐን ሂል ወደ አጎትህ ወደ ጋሽ ለገሰ ታልፋለህ። ከጁላይ በኋላ ኪንግ ስትሪት ሜትሮ ላይ ታወርደኝ ጀመር። መጀመሪያ ትራፊኩን አማረርክ። ቀጥሎ መኪናህ ድምፅ ታሰማለች አልክ። አንድ ቅዳሜ ዝናቡ እንደ ጉድ ሲወርድ፣ እግሬም ታሞ፣ ለመንኩህ። «ስሂንዬ፣ ከድልድዩ ወዲያ አልሻገርም በቃ፣ አትጨቅጭቂኝ» አልከኝ። ከድልድዩ ወዲያ ያለው ሜሪላንድ ነው እንጂ ሱዳን አይደለም። ባቡር ውስጥ እርጥብ ጫማዬን እያየሁ ሲልቨር ስፕሪንግ እስክደርስ አንተን ነበር የማብሰለስለው።

ምን ምን እንደጠረጠርኩህ ብነግርህ በለቅሶህ መሃል ትስቃለህ። መጀመሪያ ሴት አልኩ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ እንድታይህ የማትፈልጋት ሴት አለች ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ ፖለቲካ አልኩ፤ እዚህ ከተማ ሰው ሰውን ሰላም ማለት ሲያቆም መቼም የፓርቲ ነገር አይጠፋበትም። በመጨረሻ ግን ቅናት ነው አልኩ። አንተ ከኔ በፊት የገባህ ሰው ሆነህ ሳለ ሱፐርቫይዘርነቱን ለኔ ሰጡኝ። በአፍህ «እንኳን ደስ ያለሽ» ብለህ በትከሻህ ከለከልከኝ ብዬ አመንኩ። ይሄኛው ብዙ ጊዜ ከረመብኝ፤ አመመኝም። ሽጉጥ የሚባል ነገር ግን በሐሳቤ አልዞረም። አንተ ዶሮ ሲታረድ ፊትህን የምታዞር ሰው ነህ።

የግራጫ ቫኑን ሰውዬ ረስቼ አይደለም። የፌብሩዋሪውን ቀን አስታውሰዋለሁ። ቲኬቱን ጥሎ የሙሉ ቀን ክፈል ስትለው መስታወቱን በጡጫ እየመታ «ስንት ሰዓት እንደምትወጣ አውቃለሁ» አለህ። ከዚያም እየተመለሰ ከመንገዱ ማዶ ቫኑ ውስጥ ተቀምጦ ያይህ ነበር። ፊትህ ምን ይመስል እንደነበር አይቻለሁ። ለካምፓኒው አመለከትክ። የላኩልህ አዲስ አምፖልና «ችግር ሲኖር 911 ይደውሉ» የሚል ማስታወቂያ ነው። የቡዙ በር ያኔም አይዘጋም ነበር፤ አሁንም አይዘጋም። ይሄ ያናድደኛል፤ አንተን ብቻ ጥፋተኛ አድርጌ የምጽፍ እንዳይመስልህ።

ሰውየው ማርች ሳያልቅ ጠፋ። ተውከው ብዬ ነበር። ለካ አንተ ኮርስ ወስደህ፣ ፍርድ ቤት አመልክተህ፣ በልብስ ሥር ደብቆ የመያዝ ፈቃድ አውጥተሃል። ለማንም አልተናገርክም። የምሳ ዕቃህን ክዳን ሳይቀር የማውቅ እኔ ይህን አላወቅሁም።

ሴፕቴምበር ላይ ዲሲ ውስጥ ኔቪ ያርድ አንዱ ተኩሶ ያ ሁሉ ሰው ያለቀ ጊዜ ከተማው በሙሉ ደነገጠ፤ ብዙም ሳይቆይ ክሬግ ያንን ስቲከር ይዞ መጣ። ትዝ ይልሃል፤ ቀይ መስመር የተሰረዘበት ሽጉጥ። በየቡዙ መስታወት ላይ እንድለጥፍ ለኔ ሰጠኝ። ያንተን ስለጥፍ ከውስጥ ሆነህ ታየኝ ነበር። ከዚያ ስብሰባ ላይ እጅህን አወጣህ።

«ላይሰንስ ያለውስ?» አልከው።

«ላይሰንስ ቢኖረውም፣ መኪናው ውስጥ ትቶት ቢመጣም ክልክል ነው። የተገኘበት ይሰናበታል» አለ ክሬግ።

«የቫኑ ሰውዬስ? ለሱም ስቲከሩን እናንብብለት?»

ክሬግ ሳቀና «እሱ የኛ ሠራተኛ አይደለም» አለ። ሁላችንም አብረን ሳቅን። አንተ ግን አልሳቅክም። ያኔ አንድ ነገር ሽው አለብኝ። ወዲያው «ኧረ ንዋይ!» ብዬ ከራሴ አባረርኩት። ሰውን ሁሉ ስጠረጥር ኖሬ መጠርጠር በነበረብኝ ቀን ሳልጠረጥር ቀረሁ።

አሁን ወደ አባትህ ልምጣ። ይህን ስጽፍልህ እጄ ይከብደኛል።

ጋሽ ለገሰ ደውለውልኝ «ስሂን፣ ወንድሜ አርፏል። ልጁ እንዳይሰማ» ሲሉኝ ረቡዕ ነበር። ወጉን ታውቀዋለህ። በስልክ አይነገርም፤ ሥራ ላይ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ከቤቱ ሳይወጣ ነው የሚረዳው። ለእሑድ ጠዋት ተቀጠረ። እስከዚያ ድረስ ካንተ ጋር እንደ ወትሮው ማውራት፣ መሳቅ ነበረብን። እኔ የአብዱልሐሚድን ሺፍት ስቀይር፣ እትዬ አሰፋሽ ድስትና ሰው ሲያስተባብሩ፣ መኪና ያለው ማንን ይዞ እንደሚመጣ ስንማከር፣ አንተ ብቅ ስትል ዝም። አብዱልሐሚድ ወሬ መቀየር አያውቅበት! አንተን ሲያይ «አርሴናል ግን…» ብሎ ይጀምራል። ኳስ አይቶ አያውቅም።

ዓርብ ከሰዓት ብሬክ ሩም ገብተህ እኔና እትዬ አሰፋሽን ስንንሾካሾክ ደረስክብን። እሳቸው ዓይናቸው ዕንባ አቅርሮ ስለነበር ፊታቸውን ወደ ፍሪጁ አዞሩ። አንተ በሩን ይዘህ ቆምክ።

«ስሂን፣ ስለኔ የሚወራ ነገር አለ?»

«ኧረ ምን ይወራል!»

«ክሬግ ምን አለሽ?»

«ስለ ምን?»

ግድግዳው ላይ ያለውን ስቲከር አየህና ወጣህ። እኔ ያኔ ስለ አባትህ ነው የዋሸሁህ። አንተ ግን ስለ ወገብህ የምንዶልት መስሎህ ነበር። ሁለታችንም አንድ ክፍል ውስጥ ቆመን እርስ በርስ ስንጠራጠር፣ አባትህ ናዝሬት መሬት ከገቡ ሁለተኛ ቀናቸው ነበር።

እሑድ ገና ሳይነጋ ዱክ ስትሪት ደረስን። ሕንፃህ ፊት ለፊት መኪኖቻችንን አቁመን መብራት አጠፋን፤ የቀሩት ከሮክቪልና ከአስፐን ሂል እስኪመጡ እዚያው ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን ጠበቅን። ማንም ማንንም አያናግርም። አንዴ ቀና ስል ያንተ መስኮት መጋረጃ የተነቃነቀ መሰለኝ። ለጋሽ ለገሰ «አይቶናል መሰለኝ» አልኳቸው። «እንግዲህ እንግባ» አሉ። ያን ሁሉ ደረጃ ኮቴያችንን አጥፍተን ወጣን። አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል። መስኮት ላይ ቆሞ መኪኖች መብራታቸውን አጥፍተው ሲሰበሰቡ፣ ጥቁር የለበሰ ሰው በሰልፍ ሲገባ ያየ ሰው ምን ይሆናል? እኛ የምናውቀው ሐዘን ይዘን መምጣታችንን ብቻ ነው።

ጋሽ ለገሰ አንኳኩ። «ማነው?» አልክ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ካንተ ሰምቼ አላውቅም። ጋሽ ለገሰ ወዲያው መመለስ አቃታቸው። ያኔ ከበሩ ኋላ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁ።

ንዋይ፣ ያ ድምፅ የበሩ ቁልፍ ነበር? ለዚህ ጥያቄ መልስ እፈልጋለሁ። ከበሩ ፊት የነበሩት ያሳደጉህ አጎትህ ናቸው። ከሳቸው ቀጥሎ እኔ ነበርኩ።

«እኔ ነኝ ልጄ፣ ለገሰ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። ከፈትክ። ቀኝ እጅህ ከጀርባህ ነበር። የሰውን ብዛት አይተህ፣ ነጠላችንን ዘቅዝቀን መልበሳችንን አይተህ፣ ገባህ። ጋሽ ለገሰ «አባትህ…» ብለው ሳይጨርሱ በሳቸው ትከሻ ላይ እኔን አየህና «ለዚህ ነው? ስትንሾካሾኩ የከረማችሁት ለዚህ ነው?» አልከኝ። ከዚያ ቀኝ እጅህን ባዶ አወጣህና አጎትህ ላይ ወደቅክ።

ሰው ሲረዳ ራሱን እንዳይጎዳ ይያዛል። አብዱልሐሚድ ክንድህን ያዘ፤ እኔ ወገብህን አቀፍኩ። እጄ ላይ ያ ነገር አረፈ። መጀመሪያ ቀበቶ መሰለኝ። ቀጥሎ ምን እንደሆነ አወቅሁ። አንተ ትንፈራገጣለህ፤ ሰው ይጎትትሃል፤ እትዬ አሰፋሽ ደረታቸውን ይመታሉ። ቢወድቅስ? ቢተኩስስ? ያ ቤት እኮ ሰው በሰው ላይ ነበር። ነጠላዬን ከራሴ አውልቄ ወገብህ ላይ ጠምጥሜ ባለ በሌለ ኃይሌ አሰርኩት። ሴቶቹ «እሰሪለት፣ አንጀቱን እሰሪለት» እያሉ አለቀሱ። እኔ ያሰርኩት አንጀትህን አልነበረም።

መኝታ ቤት አስገብቼህ በሩን ዘጋሁ። ሽጉጡን አውልቀህ ቁምሳጥኑ ላይ አስቀመጥከው። ያን ቀን የተነጋገርነውን ከለቅሶው ጋር ረስተኸው እንደሆነ ላስታውስህ።

«ላይሰንስ አለኝ» አልከኝ። «ሊጋል ነው ስሂን።»

«ሥራ ቦታም ትይዘዋለህ?»

በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ጃኬትህን አየህ።

«ድልድዩስ?»

«የቨርጂኒያ ላይሰንስ ሜሪላንድ አይሠራም። ፖሊስ ስቶፕ ቢያረገን አንቺም አብረሽኝ ነሽ። የሲቲዝንሺፕ ኢንተርቪው እየጠበቅሽ አልነበር? እንዴት አርጌ ልውሰድሽ?»

እዚህ ላይ ልቤ ተከፈለ። ያን ሁሉ ቅዳሜ በዝናብ ባቡር ስጠብቅ ስረግምህ፣ አንተ ለኔ ወረቀት ነበር የምትጨነቀው። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። «ታዲያ ለምን ቤትህ ትተኸው አልመጣህም?» አልኩህ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠህ ነጠላዬን በእጅህ ስታሽ ቆየህ። ካገኘሁህ ጀምሮ እንደዚያ የፈራ ሰው ሆነህ አይቼህ አላውቅም።

ይህን ጋሽ ለገሰ አይነግሩህም፤ እኔ ልንገርህ ወይስ ልተወው ብዬ ብዙ አሰብኩ። ኦክቶበር ላይ «ቅዳሜ ብቅ በል፣ የማጫውትህ አለ» እያሉ ደጋግመው ሲደውሉልህ አባትህ መታመማቸውን ሊነግሩህ ነበር። በስልክ መናገር አልፈለጉም። ፊትህን እያዩ፣ እጅህን ይዘው ሊነግሩህ፣ ከዚያ አብራችሁ ልትደውሉላቸው ነበር ሐሳባቸው። አንተ «ሥራ በዛብኝ» አልካቸው። እሳቸው ደግሞ በምን እንዳስቀየሙህ እየጠረጠሩ ከረሙ፤ እኔንም «ልጁ ምን ሆኖብኝ ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥፋትህ ነው ልልህ አይደለም። ማወቅ አለብህ ብዬ ነው። ያ ነገር ከማን እንደጠበቀህ አላውቅም፤ ከአስፐን ሂል ግን አስቀርቶሃል።

አሁንም ጥርጣሬዬ አልወጣልኝም፤ እውነቱን ልንገርህ። የቫኑ ሰውዬ ከጠፋ ቆይቷል። ታዲያ ኦገስት ላይ ለማን ነበር? ሴፕቴምበር ላይስ? አብዱልሐሚድ ሊያቅፍህ ሲመጣ ጎንህን ያዞርከው ሽጉጡን ለመደበቅ ብቻ ነው፣ ወይስ እኛንም እንደሱ ማየት ጀምረህ ነበር? ሰው አንዴ ከፈራ በኋላ የሚፈራው ሰው ቢጠፋ ሌላ ይተካል። ይህን የምለው ከራሴ አውቄ ነው፤ እኔ ያለ ሽጉጥ እንኳ ስንቱን ጠረጠርኩ።

አሁን የወሰንኩትን ስማ። ለክሬግ አልዋሽም። ስለምፈራው አይደለም። እሑድ በርህ ላይ የቆሙትን ሰዎች አንድ በአንድ ስለማስባቸው ነው። እነሱው ናቸው ብሬክ ሩም ውስጥ አብረውህ ምሳ የሚበሉት። ስለዚህ ሰኞ ይዘኸው ከመጣህ፣ ወገብህ ላይም ሆነ መኪናህ ውስጥ፣ ሲጠይቀኝ አለ እለዋለሁ። ወንድሜ ብትሆንም እለዋለሁ፤ ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ። ቤትህ ትተኸው ከመጣህ የለም እለዋለሁ፤ እውነትም ይሆናል። ስላለፈው ከጠየቀኝ ደግሞ እኔም ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ስለማይዘጋው በር እጠይቀዋለሁ። የታችኛው ቡዝ በር እስኪሠራ እዚያ ሰው አላስቀምጥም ብዬ ኢሜል ጽፌለታለሁ፤ እትዬ አሰፋሽም አብዱልሐሚድም ፈርመዋል። አንተን ወደ ላይኛው ቡዝ አዛውሬሃለሁ። ከኔ ጋር ትሠራለህ። የቫኑ ሰውዬ ከመጣ ሁለታችንን ያገኛል። ይሄ ሽጉጥን እንደማይተካ አውቃለሁ፤ እኔ ያለኝ ግን ይሄ ነው።

«ስሂን ሱፐርቫይዘር ሆነችና ፈረንጆቹን መሰለች» ብትል ቅር አይለኝም። ፈቃዱ መብትህ ነው፤ ቤትህ ውስጥ ያለው ያንተ ጉዳይ ነው። እኔ የምልህ በኔ በር አትግባበት ነው።

ቃልህን በደብዳቤ አልፈልግም። በስልክም አልፈልግም፤ በስልክ ሰው የፈለገውን ይላል። ሰኞ ጠዋት ክሬግ ከመምጣቱ በፊት መግቢያው ጌት ጋ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ጃኬትህን ከፍተህ ና። ከሩቅ እጅህን እንዳትዘረጋልኝ። እንደ ድሮው ትከሻ ለትከሻ ገጭተህ፣ አቅፈህ ሰላም በለኝ። ለቅሶ ላይ ያለህ ሰው ነህና ማንም ምንም አይለንም፤ እንደውም ዕንባዬ ቢመጣ ሰው ሁሉ ለአባትህ ነው ይላል፤ ለሳቸውም ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ደብቄህ አላቅፍህም። ሳቅፍህ እጄ ወገብህን ይፈልጋል። ሰኞ ብቻ አይደለም፤ ማክሰኞም፣ የገና ዕለትም፣ ልጄን ስድር መጥተህ እልል ስንልም ይፈልጋል። ላቆመው ብልም የማቆመው አይመስለኝም። ይህን እያወቅህ ቅረበኝ። እኔም ያን የበር ድምፅ እያሰብኩ ነው የምቀርብህ።

ነጠላዬንም አምጣልኝ፤ ሌላ የለኝም። አጥፈህ በእጅህ ይዘኸው ና፤ እንዳታስረው።

በጌቱ የምትጠብቅህ
እህትህ ስሂን
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኖቬምበር 2013